ጋሽ ባልቻ ያልገባቸው ጥያቄ

በየዩኒቨርሲቲው በር ላይ፣ በሩ ቀድሞ ተሠርቶ ዩኒቨርሲቲው ኋላ የተጨመረበት የሚመስለው አንድ ጥበቃ አይጠፋም። ፕሬዚዳንት ይሾማል፣ ይሻራል፤ ዲን ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እሱ ግን ከነካፖርቱ እዚያው ነው። ወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ካለው ግቢ በር ላይ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ባልቻ ናቸው።

ጋሽ ባልቻ መታወቂያ ሲቀበሉ ፎቶውን ብቻ አያዩም። ዓመቱን ያነቡና ቀና ብለው፣ «አንደኛ ዓመት? ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ቲቶሪያል አለ፤ ወዴት ነው?» ይላሉ። ፀጉር ቤት ነው ያለች ተመልሳለች። ጥርሴን አሞኛል ያለ አፉን ከፍቶ አሳይቷል። አንድ ወጣት መምህርም ተማሪ መስሏቸው ወደ ቲቶሪያል ክፍል መልሰውታል ይባላል።

ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጡት። በጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ መጽሐፍ ቅዱሳቸውና ተማሪ የጣለው የሒሳብ ሞጁል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሞጁሉን በእርሳስ እያሰመሩ ሲጨርሱት «ጌታ ይመስገን» ብለው ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ይጀምራሉ። ለሚቆጣቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሕግ ነው ልጄ። መግባት ቀላል ነው፤ ከዚህ በር የሚወጣው ግን በወረቀት ነው።»

በዚያ ቅዳሜ ባሂራ ሻንጣዋን እየጎተተች በሩ ላይ ስትደርስ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ባሂራ ከቡታጅራ ስትመጣ የትምህርት ቤቷ አንደኛ ነበረች። በሒሳብ ሚድ ፈተና ከሠላሳው ዘጠኝ ብቻ አመጣች። የማጠቃለያ ፈተናው ሰኞ ነው። ቲቶሪያል መኖሩን ታውቃለች፤ የዶርሟ ልጆች ግን ያንን ክፍል እንደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል «አይሲዩ» ነው የሚሉት። በተለይ ሐና፣ «ዛሬ ማን አይሲዩ ገባ?» ሳትል ምሳ አትበላም። ባሂራም አብራ ስቃለች። አሁን እዚያ ከምትታይ መሄድ ቀለላት። ሰኞ ካልተፈተነች ዓመቱ እንዳበቃ ታውቃለች፤ ለእናቷ ምን እንደምትል ግን አታውቅም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ባሂራ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ጋሽ ባልቻ። ቸኩያለሁ፤ ባጃጅ ቆሞልኛል።»

«ይቁም። ክፈቺው።»

ጋሽ ባልቻ የሴት ልጅ ሻንጣ አይነኩም። ራሷ ታወጣለች፤ እሳቸው በዓይናቸው ይፈትሻሉ። ብርድ ልብሱ ወጣ። የመስገጃ ምንጣፉ ወጣ። የክረምት ቦቲው ወጣ። ጋሽ ባልቻ ቦቲውን ትኩር ብለው አዩት። እሑድ የሚመለስ ሰው በበጋ ቦቲ ይዞ አይሄድም።

«ብርድ ልብስ ያለ ዶርም ፕሮክተር ወረቀት አይወጣም።»

«የራሴ ነው! ከቤት ያመጣሁት!»

«ያንቺ ነው። ወረቀቱስ?»

«ፕሮክተሯ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የለችም እኮ!»

«እንግዲህ እስከ አሥራ አንድ ነዋ።»

ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። የቡታጅራው መኪና ከወልቂጤ መናኸሪያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

«ብርድ ልብሱ ይቅር! እዚሁ ልተወው!»

«የተጣለ ንብረት በምን ወረቀት ልረከብ?»

«ጋሽ ባልቻ… በአላህ፣ ይልቀቁኝ።»

ባጃጁ ደግሞ ነፋ፤ ከዚያ ጥሏት ሄደ። ባሂራ ብርድ ልብሷን አቅፋ ቀረች። ጋሽ ባልቻ ከካፖርታቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«እኔ ከበሩ አልነቃነቅም። ይህችን ጥያቄ ቲቶሪያል ክፍል ላለችው አስጠኚ ጠይቂልኝ። ያንቺን ጠይቂ አላልኩም፤ የእኔን ነው። ሻንጣሽን እኔ እጠብቃለሁ።»

በክፍሉ ውስጥ ሰባት ተማሪዎች ነበሩ። ከፊት ወንበር ላይ ሐና ተቀምጣለች። ሁለቱ ተያዩ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

«የእኔ ጥያቄ አይደለም» አለች ባሂራ ገና የበሩን ደፍ ሳታልፍ። «የጥበቃው ነው።»

አስጠኚዋ አልማዝ ወረቀቱን አየችና ፈጥና ወደ ሰሌዳው ዞረች። ሚድ ላይ ባሂራ የሳተችው ዓይነት ጥያቄ ነበር፦ ኤክስ ወደ ሁለት ሲጠጋ መልሱ ወደ ስንት ይጠጋል?

«ጋሽ ባልቻ ሁለት ላይ ቆመዋል እንበል» አለች አልማዝ። «ሰው ከግራም ከቀኝም ይመጣል፤ እስከ በሩ ይጠጋል፣ አይወጣም። የተጠየቅነው ወጣ ወይ አይደለም፤ ወዴት እየተጠጋ ነው?»

ባሂራ ጻፈች። «እሳቸው ግን… ቁጥሩን ዝም ብለን ብንተካውስ ቢሉኝ?» አለች። ቀጥላም «ደግሞ ቢጠይቁኝ» እያለች ስድስት ጥያቄ ጠየቀች። አንዱም የእሳቸው አልነበረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወረቀቱን መለሰችላቸው። ጋሽ ባልቻ መልሱን ሁለት ጊዜ አስደገሟት።

«ፕሮክተሯ ገብታለች» አሉ ከዚያ። «ታስፈርሚያለሽ?»

ባሂራ ሻንጣዋን ወደ ዶርሟ ጎትታ መለሰችው። ሰኞ ተፈተነች። አለፈች፤ በጭንቅ፣ ግን አለፈች፤ አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ ባሂራ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሰሌዳው ፊት የምትቆመውም እሷ ናት። ባለፈው ወር አንዲት ከእምድብር የመጣች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዓይኗ ቀልቶ ደፉ ላይ ቆመች። እጇ ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር።

«የእኔ አይደለም» አለች ልጅቷ። «የጥበቃው ጥያቄ ነው።»

ባሂራ ወረቀቱን ዘረጋችው። ያው ነው፤ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። ያኔ በጭንቀት ያላገላበጠችውን ጀርባውን አየች። በእርሳስ፣ በጋሽ ባልቻ ጥንቁቅ ጽሕፈት፣ ጥያቄው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሠርቷል። ከሥሩ የተጻፈው ቀን እሷ ጉብሬን ከማየቷ አራት ዓመት በፊት የነበረ ነው።

ልጅቷ ፊቷን እንዳታይባት ባሂራ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

«ጋሽ ባልቻ አሁንም አልገባቸውም?» አለች። «ነይ፣ ግቢ። ደግመን እናስረዳቸው።»