ያልተቀመሰው የስልክ እሸት

ገበሬ ሲያረጅ መሬት ይሰፋበታል። ቀያሽ መጥቶ የጨመረለት እንዳይመስላችሁ፤ ያው የድሮው ማሳ ነው። በጉብዝና ዘመን ከቁርስ በፊት ዳር የሚያደርሱት ትልም፣ ዕድሜ ሲገፋ መሐሉ ላይ ቁጭ አድርጎ ያስተክዛል። ጉልበት ሲያጥር መሬት ይረዝማል። እኔም የራሴ ማሳ ከደጄ ተነስቶ ሱዳን ድንበር የሚደርስ መስሎ በታየኝ ሰሞን ነው አላህ መዳፍ የምታህል እርሻ የሰጠኝ። እርሻዋ ያለችው ስልክ ውስጥ ነው።

ሳቃችሁን ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ወሬም አላበዛም። ይህን የሚጽፍልኝ የጓሮ ክፍሌን የተከራየ መምህር ነው። እኔ አንድ ቃል ስል እሱ ሦስት ይጽፋል። ስለዚህ ያማረውን ለሱ፣ እውነቱን ለኔ ያዙልን።

የምኖረው ከአሶሳ ከተማ ትንሽ ወጣ ብላ ባለች አምባ ነው። አምባችን ስም የላትም፣ ቁጥር እንጂ። በደርግ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነን ስንመጣ ስም ለማውጣት ጊዜ ያለው ሰው አልነበረም፤ ቆጥረው አሰፈሩን፣ በተቆጠርንበት ቀረን። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። አገሩ ክልል ሆነ፣ አሶሳም ቢሮ በቢሮ ሆነች። ቢሮ ሲበዛ ሠራተኛ ይፈለጋል፣ ሠራተኛ ሲፈለግ ደግሞ የሰው ልጅ ከቤቱ ይወጣል። የኔዋ ልጅ ዘይነባ ግብርና ተማረችና የልማት ሠራተኛ ሆና ቡለን ተመደበች። «ቡለን እኮ ያው ክልላችን ነው» ብለው ያጽናኑኛል። እውነት ነው፣ ክልሉ አንድ ነው። መሐሉ ላይ ግን ዓባይ አለ።

ከዘይነባ ጋር ድሮም በአንድ ነገር አንስማማም ነበር። እሷ በመስመር ዝራ ትለኛለች፤ እኔ ዘር እበትናለሁ። አባቴ በትኗል፣ አያቴ በትኗል፣ እኔም ተበትኜ ነው እዚህ የደረስኩ። የሄደች ለት ባጃጁ ደጅ ላይ ቆሞ እያጉረመረመ፣ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ፊቴ ቆመች። እኛ አገር መንገደኛ እንዲሁ አይሸኝም፤ አባት ዱዓ አድርጎ ግንባሩ ላይ ቱፍ፣ ቱፍ ይልለታል፣ ቱፍታ እንለዋለን። ግንባሯን ዝቅ አደረገችልኝ። እኔም «እሺ» አልኩ።

በቃ። ሌላ አልወጣኝም። ባጃጁ ሄደ።

ስትሄድ አሮጌ ስልኳን ትታልኝ ነበር። ከመሄዷ በፊት ይህችን የእርሻ ጨዋታ አስጀምራኛለች። ማንበብ አያስፈልግም፣ ሁሉም ነገር ሥዕል ነው። ውኃ የሚፈልግ ማሳ ላይ ጠብታ ይታያል፣ የደረሰ ማሳ ላይ ማጭድ። የሷም እርሻ እዚያው ከኔ አጠገብ ነው። ቡለንና አሶሳ ስልክ ውስጥ ድንበርተኛ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ከፋኝ፤ በሬ የለም። የሚያርሰው ቀይ ትራክተር ነው። ወሎ ሳለሁ ቦራ የሚባል በሬ ነበረኝ። ጥዬው መጣሁ አልልም፣ በድርቁ ጥሎኝ የሄደው እሱ ነው። ትራክተሯን በጣቴ የገፋሁ ዕለት አፌ አመለጠኝና «ና ቦራ!» አልኩ። ዘይነባ ሰማች። ከሄደች በኋላ መምህሩ ስልኩን አይቶ «አባ ሰይድ፣ ትራክተሩ ላይ ስም ተጽፏል» አለኝ። ምን ይላል? ብለው «ቦራ ይላል» አለኝ።

እንግዲህ ይህችን እርሻ መያዝ ለምትፈልጉ የማውቀውን ልንገራችሁ። ቶሎ የሚደርሰውን አትመኑ። ስንዴው ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትገልጡ ይደርሳል፣ ደስ ይላል፤ ግን ሳይታጨድ ሦስት ቀን ከቆየ ይደርቃል። ገበያ የምትውሉ ለት ዱባ ዝሩ። ዱባ ታጋሽ ነው። ጎተራችሁን ጢም አታድርጉት፣ የታጨደው መግቢያ ያጣል። ጎረቤት ማሳው ላይ ጠብታ ከታየ አጠጡለት፣ ነገ ለእናንተ ይደርሳል፤ ይኼ በስልክም ያለ ስልክም ያው ነው።

ከሁሉ በላይ ዘራችሁን ለዶሮ አትስጡ። እዚያ አገር የምትዘሩት ያንኑ ያጨዳችሁትን ነው። ዶሮዎቹ ደግሞ ሲጮኹ አንጀት ይበላሉ። አዝናችሁ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ የበተናችሁላቸው እንደሆነ ማሳችሁም እጃችሁም ባዶ ይሆናል፤ ጎረቤት ዘር ካልላከላችሁ በቀር ጉዳችሁ ፈላ። እኔ ይኼን የተማርኩት ከስልክ አይደለም። አገሬን የለቀቅኩት የመጨረሻዋን የዘር ማሽላ የፈጨን ለት ነው።

መጀመሪያ አካባቢ ስሕተት ሠርቻለሁ። ማሳው ደጋግሞ ሲያበቅል ጊዜ አሳዘነኝና ጦም አሳደርኩት። መሬት ይደክማላ። ሳምንት ሳይሞላ ዘይነባ ደወለች።

«አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ ማሳህ ባዶውን ሰነበተሳ?»

«እያረፈ ነው።»

ሳቀች፣ ሳቀችና «አባዬ፣ ያ መሬት እኮ አይደክመውም» አለች።

የማይደክም መሬት! እንዲህ ያለው ወጣት ሳለሁ የት ሄዶ ነበር? ግን ከዚያ ስልክ የቀረልኝ ሌላ ነገር ነው፤ ማሳዬን እያየች ነው የምትውል። ባዶ ሲሆን ያመመኝ ይመስላታል። እኔም የሷን እንደዚያው ማየት ጀመርኩ። ጠዋት አጭዳ ከዘራች ደህና አድራለች ማለት ነው። ወሬ ለማያበዛ አባትና ወሬ ለማታበዛ ልጅ ከዚህ የተሻለ ሰላምታ አይገኝም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

በኛ በኩል ኔትወርክ የሚገኘው አልመሐዲ ማንጎ ሥር ነው። አልመሐዲ በርታ ነው፤ ከጥንትም የዚህ አገር ሰው። እንግዳው እኔ ነኝ፣ ግን ከተጎራበትን ብዙ ዘመን ስለሆነ ማን ማንን እንደተቀበለ ረስተነዋል። ከአስር ሰላት በኋላ ማንጎው ሥር እንቀመጣለን፣ እኔ እርሻዬን እከፍታለሁ፣ እሱ ያፌዝብኛል። አንድ ቀን ዘይነባ የዘራችው በቆሎ ደርሶ ማጭዱ ወጥቶበታል። በማግሥቱም አልታጨደም። በሦስተኛው ቀን ሌላው ማሳዋ ሁሉ ታርሶ፣ ያ አንዱ በቆሎ ብቻ እንደቆመ ነው። ብደውል አይገባም፤ ቡለን ኔትወርክ እንደ ዝናቡ ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል።

አልመሐዲ በትከሻዬ በኩል አየ። «ያ ሰይድ፣ ዘይነባ ታሟል እንዴ? በቆሎ ደረሰ፣ እሱ አላጨደም።»

አልመሐዲ አማርኛ ሲናገር ልጄን ወንድ ያደርግብኛል። ተውት፣ እኔ በርታኛ ስሞክር ደግሞ ሚስቱ ሆዷን ይዛ ነው የምትስቀው።

«እንጃ» አልኩ።

«ይኼ እጅ ምንድን ነው?» አለ፣ ከበቆሎው በላይ ያለችውን የእጅ ሥዕል እያሳየኝ።

«ጎረቤት አንድ እሸት ይወስድባታል።»

«ታዲያ ውሰድ! ንካ!»

«የሰው አዝመራ ነው።»

«ልጅህ ነው!»

«ብትሆንስ። ማሳው የሷ ነው።»

«ወላሂ አንተ ሥዕል ትሰርቃለህ ብሎ ማን ያስርሃል?» ብሎ ማንጎውን ወደ መላጥ ተመለሰ።

አልነካሁም። ካልተነገረኝ የሰው ማሳ አልገባም፤ የተራብኩ ጊዜም አልገባሁ። በማግሥቱ በቆሎው ዓይኔ እያየ ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፋ። ማሳው ደርቆ ሳይ ልጄ የወደቀች መስሎኝ መምህሩን «ቡለን የሚሄድ መኪና ጠይቅልኝ» ብዬ ልልከው ተነስቻለሁ፣ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ።»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።» አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ «እሸቱን ሳትቀምስልኝ አደረቅኸው» አለች።

«የቱን እሸት?»

«በቆሎውን ነዋ! አንተ ሳትቀምስ እሸት ነክተን እናውቃለን? አባዬ ይቅመስልኝ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ሳላጭድ ትቼዋለሁ። ከሥራ ስመለስ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ እየወጣሁ፣ ፎቶህ ከማሳው አጠገብ መጥቶ እንደሆን አያለሁ። አልመጣም።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። እኛ ቤት የዓመቱን የመጀመሪያ እሸት አባት ሳይቀምስ ልጅ አይነክሰውም። ልጁን የተቀየመ አባት ደግሞ፣ አይቆጣም፣ አይሳደብም፤ እሸቱ ሲቀርብለት እጁን ይሰበስባል። ይኼ ከእርግማን ሳይቆጠር አይቀርም። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ማንጎ ሥር እጄን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ።

«የሰው አዝመራ መስሎኝ...» አልኩ።

«እኔ ሰው ነኝ?»

እናንተዬ፣ ይኼ «ሰው» የሚባል ቃል! ሰው መሆን ክብር ነው፣ «ሰው ሁኚ» ብዬ ያሳደግኋት እኔው ነኝ። ግን የገዛ ልጅ «ላንተ ሰው ሆንኩ?» ስትል ባዕድ ሆንኩብህ ማለቷ ነው። አንድ ቃል፣ በአንድ ጎኑ ይመርቃል፣ በሌላው ይቆርጣል። ቃል የማላበዛው ወድጄ አይደለም።

«ስሄድም ቱፍታ አልሰጠኸኝ» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ። «መሄዴን ጠልተኸው ነው። አውቃለሁ።»

«አፌ ደርቆ ነው።»

«ምን?»

«የዚያን ቀን። ምራቅ አጣሁ።»

ከወዲያ የሚቆራረጥ ድምፅ መጣ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ አልለየሁም። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ የማውቀውን አልኩ። «ድገሚና ዝሪው።»

ዘራችው። በማግሥቱ ከአስር በኋላ በቆሎው ደርሶ፣ ያቺ እጅ ከላዩ ተዘርግታ ጠበቀችኝ። አልመሐዲ ሥነ ሥርዓት መሆኑ ገብቶት እጁን ታጥቦ መጣ። ቢስሚላህ ብዬ ነካሁ። እሸቷ ብድግ ብላ ወደ ቅርጫቴ ገባች፣ ጥምጣም ያደረግኩበት ፎቶዬም ማሳዋ ዳር ብቅ አለ። ቡለን ገባሁ ማለት ነው።

«ጣፈጠ?» አለ አልመሐዲ።

እጄን ዘረጋሁ። የዚያን ቀን ባጃጁ አጠገብ ልለው የነበረውን ሁሉ አልኩ፤ መንገድሽን ያቅናው፣ የዘራሽው ይብቀል፣ ክፉ አይይሽ፣ አገር አይጥበብሽ። አልመሐዲ «አሚን፣ አሚን» ይላል። በመጨረሻም ወደ ማሳዋ ጎንበስ ብዬ ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ።

ስልክ ላይ አትመርቁ። ከምክሬ ሁሉ አንዷን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙ።

መስታወቱ ሲረጥብ ስልኩ አበደ። ማንም ሳይነካው ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሷን እርሻ ጥሎ የኔ ገባ። በእጅጌዬ ብጠርገው ባሰበት፤ እኔ ስጠርግ እሱ ይበትናል፣ ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ። አልመሐዲ «ኸላስ፣ ተወው፣ ይድረቅ!» እያለ በባርኔጣው ያራግብለታል። ሲደርቅ ጎተራዬን ከፈትኩ። ስንዴው የለም። በቆሎውም የለም። ዘሬን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ለዶሮ በትኜዋለሁ፤ የዘይነባ እሸት እንኳ አልቀረችም። ለሰው ሁሉ ዘራችሁን አታብሉ የምል እኔ። ዶሮዎቹ ጠግበው ተኝተዋል።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥቅል እርሻዬ በር ላይ ተቀመጠ። ጎረቤት የላከው ዘር ነው። ስልኩም ወዲያው ጮኸ።

«አባዬ፣ ዘርህን ለዶሮ ሰጠኸው?»

«መርቄሽ ነው።»

አልመሐዲ ስልኩን ተቀበለኝና የሆነውን ሁሉ ነገራት፣ ዘይነባን ወንድ፣ ዶሮዎቹንም ወንድ እያደረገ። ሳቋ ከስልኩ አልፎ ማንጎው ሥር ተሰማ። ስልኩን ሲመልስልኝ ግን ሳቁ አልቆ ነበር። «ቱፍታዬን ለስልክ አትስጥብኝ» አለች። «ዝናቡ ሲያባራ መጥቼ በግንባሬ እቀበላለሁ።»

ይኸው ዝናቡ አባርቷል። ከደጄ ያለው የእውነቱ በቆሎ ከታጨደ ሰነበተ። እሷ መጥታ እስክታቀርብልኝ ብዬ አንዲት አገዳ ብቻ ትቻለሁ፤ ደርቃለች፣ እሸት ልትባል አትችልም፣ ወፍ ግን አላስነካትም። ባጃጅ ሲያልፍ ቀና እላለሁ። ያልፋል። የስልኩን እርሻ በመስመር ዘርቼዋለሁ፤ ስትመጣ ትይልኝ።

መምህሩ «ሌላ የምጨምረው አለ?» ይለኛል። የለም። አፌ እንዳይደርቅ ነው ወሬ የማላበዛው።