የለፋፊው ቶንሲል

[የሐኪም ቤት ኮሪደር። አግዳሚው ላይ ሁለት የአውቶቡስ መናኸሪያ ሠራተኞች ተቀምጠዋል። አንደኛው ሃያ ዓመት ሙሉ በድምፅ ማጉያ መነሻ ሰዓት ሲለፍፍ የኖረ ነው፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል። ሁለተኛው ሊያስታምመው አብሮት የመጣ ሻንጣ ጫኚ ነው። ለፋፊው ተመርምሮ ወጥቷል፤ ውጤት ይጠብቃል። ሰው አጥብቆ የሚያስረዳው ዝም ማለት በሚገባው ሰዓት ነው።]

ለፋፊው፦ [በሰለለ ድምፅ] የሰባት ቀን መድኃኒት አባከንክ ነው የምልህ።

ጫኚው፦ አላባከንኩም ጋሼ። ዋጥኩት።

ለፋፊው፦ እሱ ነው ብክነቱ። በሦስተኛው ቀን አልተሻለህም ነበር?

ጫኚው፦ ተሽሎኝ ነበር።

ለፋፊው፦ ታዲያ ከዚያ በኋላ ምኑን ልታድን ዋጥክ?

ጫኚው፦ እኔ ምን አውቄ። አሥሩን ቀን እስኪያልቅ ዋጥ አሉኝ፤ አለቀ፤ ተውኩ።

ለፋፊው፦ ማስተዋል የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው። እኔ ሲሻለኝ አቆምና የተረፈውን ለሚቀጥለው አስቀምጣለሁ።

ጫኚው፦ እንደሚቀጥል በምን ያውቃሉ?

ለፋፊው፦ መቼ ቀርቶ ያውቃል?

[ለፋፊው ምራቁን ይውጣል፤ ፊቱ ይጨማደዳል።]

ጫኚው፦ የእኔ ካለቀ ሦስት ዓመቱ። ተመልሶ አልመጣም።

ለፋፊው፦ ያንተ ቶንሲል አያስብም። በባለቤቱ ወጥቷል።

ጫኚው፦ እውነት ነው። ዶክተሯስ ምን አሉ?

ለፋፊው፦ ልጅ ናት። ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ጉሮሮዬን ጠረገችና ጉሮሮ በታመመ ቁጥር እንክብል አይዋጥም አለችኝ። አብዛኛው ቫይረስ ስለሆነ በራሱ ይሄዳል፣ ባክቴሪያ መሆኑ ሲታወቅ ነው የሚታዘዘው፣ ከታዘዘ ደግሞ እስከ መጨረሻው ነው፣ አለዚያ መዘዙ ልብ ድረስ ይደርሳል አለች።

ጫኚው፦ እርስዎስ ምን አሏት?

ለፋፊው፦ አረምኳት።

ጫኚው፦ በዓመት ስንት ጊዜ ያምዎታል አላለችም?

ለፋፊው፦ ብላለች። አልፎ አልፎ አልኳት።

ጫኚው፦ ስምንት ጊዜ ነው ጋሼ።

ለፋፊው፦ ማን ቆጠረ?

ጫኚው፦ መናኸሪያው። ዘንድሮ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ያልነበረባቸው ስምንት ሳምንቶች አሉ።

ለፋፊው፦ ከእኔ ሕመም ጋር ምን አገናኘው?

ጫኚው፦ እርስዎ ሲተኙ በየአግዳሚው እየዞርኩ ለሰዉ በጆሮው እነግረዋለሁ። በማይኩ ሲሆን ግን ሰምቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ይመጣና “ምን አለ?” ይለኛል።

[ለፋፊው ሻርፑን ያጠብቃል። ነርሷ ወረቀት ይዛ ትወጣለች። ባክቴሪያ መሆኑን፣ መድኃኒቱ አሥር ቀን ሳይቋረጥ እንደሚወሰድ ትነግረውና ስንት ጊዜ እንደታመመ ትጠይቃለች። ጫኚው ስምንቱንም ከነቀናቸው ይቆጥርላታል። ጽፋ ስታበቃ፣ በዓመት ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ ቶንሲሉን ቆርጦ ማውጣት እንደሚታሰብ፣ እብጠቱ ሲሽር ተመልሶ እንዲመጣ፣ ከተቆረጠ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ከሥራ እንደሚያርፍ አስረድታው ትገባለች።]

ለፋፊው፦ ገደልከኝ።

ጫኚው፦ ቆጥሬ ነው እንጂ አልገደልኩም።

ለፋፊው፦ አለቃው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ። አንድ ጊዜ ደግመህ ዝም ካልክ ማይኩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብሏል። አልፎ አልፎ ያልኩት አላውቅ ብዬ መሰለህ? [ቀስ ብሎ] በዚያ መናኸሪያ ፊቴን የሚያውቅ ሰው የለም። ያለኝ ድምፄ ነው። ደግሞ ሲቆርጡኝ ድምፄ ቢለወጥስ?

ጫኚው፦ ካርድ ሳወጣልዎ ነርሷን ጠይቄያታለሁ። ባብዛኛው እንደነበረ ነው የሚመለሰው አለችኝ።

ለፋፊው፦ [ትንሽ ቀለል ብሎት] እንዲህ አለች?

ጫኚው፦ አዎ። ድምፅ የሚለውጥ ሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና የለም ወይ ብዬም ጠይቄያት ነበር። የለም።

ለፋፊው፦ ቢሆንም ቦታው ይሄዳል።

ጫኚው፦ አይሄድም። ሹፌሮቹ ማመልከቻ አስገብተዋል። ሰውየው በደንብ ይታከም፣ እስኪድን ማይኩ ለማንም አይሰጥ ብለው። አለቃውም ትናንት ተስማምቷል።

[ለፋፊው ዓይኑን በሻርፑ ጫፍ ይጠርጋል።]

ለፋፊው፦ ሹፌሮቹ? ለእኔ?

ጫኚው፦ አርባ ሁለት ሰው ፈርሟል።

ለፋፊው፦ ሁለት ሳምንት እንዲታገሱኝ።

ጫኚው፦ እነሱ ስድስት ወር ነበር የጠየቁት። አለቃው ነው ወደ አንድ ወር ያወረደው።

[ለፋፊው ሻርፑን ከአንገቱ ይፈታል።]

ለፋፊው፦ አንተም ፈርመሃል?

ጫኚው፦ ኧረ እኔስ አልፈረምኩም ጋሼ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።