የአያ ያረጋል ሁለተኛ በር

ቤት በተቃጠለበት አገር ሁሉ ከእሳቱ ቀጥሎ የሚመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። እንጨት አይሸከምም፣ ጭቃ አይረግጥም፤ ዛፍ ጥላ ሥር ቁርበቱን ያነጥፍና የሌላውን ሥራ ይፈርዳል። ፈጣሪ አፍ ሲያድል ደርቦ ሰጥቶት፣ እጅ ላይ ሲደርስ የረሳው ሰው ነው።

ለመተማ የደረሷት ሊቀ ተቺ አያ ያረጋል ናቸው።

ጣሊያን ለቆ ከመሄዱ በፊት በነበረው የመድፍ ውጊያ የሽማግሌዎቹ ቤት ነደደ። ጧሪ ያጡ የሚያድሩበት፣ ልጅ ያላቸውም የምራታቸው ፊት ሲጠቁርባቸው የሚውሉበት ቤት ነበር። ከነደደ ወዲህ በየሰው በረት ጥግ ተበትነው ከረሙ። አሁን ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ከጎጃም መጥቶ ማሽላ የሚያርሰው ውባንተ የደቦው መሪ ሆኖ፣ ዝናቡ ሳይቀድመው ሽማግሌዎቹን ክዳን ሥር ሊያስገባ ምሏል።

አያ ያረጋል ግን ከጥላቸው ሥር ሆነው ያነድዱታል።

"ይኸ ምሰሶ ነው? የሰከረ ደብተራ ነው እንጂ። ዱሮ እንዲህ አልነበረም።"

ቀርከሃው ሲሰነጠቅ ቀጠነ፣ ሳሩ ሲከመር ሳሳ። ጭቃው ሲቦካም "አልበሰለም" አሉ።

"ቀመሱት እንዴ?" አለ ውባንተ።

"በሩም ሁለት ነው።"

"ለምን?"

"ዱሮ ሁለት ነበር።"

ነጋዴው ኢሳ ከተቃጠለ ሱቁ የተረፈችውን አንዲት መዝጊያ ሰጥቷል፤ ሌላ የለም። ጅቡ ደግሞ ደጅ ለደጅ ይዞራል።

"ሁለተኛውን በምን ልዝጋው አያ? በምላስዎ?"

ደቦው ሳቀ። አያ ያረጋል ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው ዝም አሉ። ዝምታቸው ሊያስደነግጠው በተገባ ነበር፤ ውባንተ ግን እፎይ አለ።

ቤቱ በአንድ በር አለቀ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ሽማግሌዎቹም ገቡ። አያ ሰጠኝ ብቻ ደጅ ቀሩ።

"ይግቡ እንጂ አባቴ።"

"እኔ ደህና ነኝ ልጄ" አሉ፣ ከጢማቸው ውሃ እየተንጠባጠበ።

ውባንተ ደሙ ፈላ። ለማን ብሎ ነው ወገቡ የተቆረጠው? ይኸን ጊዜ አያ ያረጋል ከጎረቤት ጣራ ሥር ሆነው ጠሩት።

"ፈረደ ውስጥ ነው። የፈረደ ወንድም የሞተው በሰጠኝ ወንድም እጅ ነው። ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ቆሟል፤ በር ግን አይጋሩም። ፈረደ በፊት ለፊት፣ ሰጠኝ በጓሮ ነበር የሚገቡ።"

"ታዲያ ይህን መናገር አቅቶዎት ነው ዱሮ፣ ዱሮ የሚሉኝ?"

"የሰው ደም በደቦ ፊት ይወራል?"

ይበልጥ ያናደደው ትክክል መሆናቸው ነው። ሰውዬው ስንት የማይረባ ነገር ሲያወርዱ ሰንብተው፣ አንዲቷን እውነት መሃሉ ሸጉጠዋታል፤ ማን ለቅሞ ያውጣት? መጥረቢያውን አነሣና ገና ያልደረቀውን የገዛ ምርጊቱን ከጓሮ በኩል ይገምሰው ጀመር። ማገሩን የሚይዝለት ፈልጎ ዞር ቢል፣ አያ ያረጋል ጋቢያቸውን ጥለው፣ እስከ ክንዳቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው አጠገቡ ቆመዋል።

"ከፍ አርገህ ቁረጥ። ሰጠኝ ማጎንበስ አይወድም።"

አያ ሰጠኝ በተቀደደው ገቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። አያ ፈረደ ዞረው አላዩም፤ ብቻ መሃል የሚነደው እሳት ሙቀት ወደዚያ እንዲያልፍ እግራቸውን ሰበሰቡ።

በማግሥቱ ደቦው መዝጊያ ከሌለው የጓሮ በር ፊት ለጅቡ መከላከያ አጥር ሊያጥር ወጣ። ዝናቡ የመታቸው አያ ያረጋል ተኝተዋል፤ ከጥላው ሥር ማንም የለም። ሰዉ ዝም ብሎ ይቆፍራል፣ ዝም ብሎ ይተክላል። ውባንተ እስከ ቀትር ታገሠ፤ ከዚያ መቆፈሪያውን ጥሎ ቤታቸው ሄደ።

"ይነሡ እንጂ አያ። የሚሰድበን አጥተን አጥሩ ተጣመመ።"

አያ ያረጋል ከጋቢያቸው ውስጥ ሳይወጡ፣ "እንደሚጣመም አውቄ አይደል የተኛሁ" አሉ።