አባ አድርስ የታጠበበት ሐሙስ

መሪን ለሰጠ፣ ፍሬንንም ላልነፈገ አምላክ ምስጋና አድርሰን፣ የቂርቆሷን ፈረሰኛ የፍሬሰላምን ዜና እንጽፋለን። ይህም የሆነው መንጃ ፈቃዷን በጨበጠች በሁለተኛው ዓመት፣ ካዛንቺስ ፈርሳ መንገዷ በሰፋበት ዘመን፣ ውሃ በፈረቃ በሚነግሥበት መንግሥት፣ በወርኃ መጋቢት በዐሥራ ሰባተኛው ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ቧንቧችን ከአምስት ቀን ዝምታ በኋላ አስነጥሶ በተናገረበት ጧት ነው።

ፍሬሰላም ማለት የሜክሲኮን አደባባይ የምትሰነጥቅ፣ የታክሲ ረዳቶች ሲያዩዋት እግራቸውን የሚሰበስቡላት፣ ትኩስ ፒዛን ከነትኩስነቱ የምታደርስ ልጄ ናት። እንደ ታሪክ ወግ አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ ንፍጧን የጠረግሁ እናቷ ሸዋዬ ስለሆንሁ ግን አልቻልሁም። ሞተር ብስክሌቷም እንደ ጥንት ጌቶች ፈረስ ስም አለው፤ አባ አድርስ ይባላል። ቀለሙ ቀይ፣ ወንበሩ ጥቁር፣ ድምፁ ጉንፋን የያዘው ዲያቆን ነው።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ረቡዕ ዕለት ወደ መስቀል ፍላወር ቁልቁል ስትወርድ የፊቱን ፍሬን ብትይዘው አልያዘም፤ በኋላው ፍሬንና በጫማዋ ሶል እየታገዘች፣ ሄዳ ሄዳ ከአንዲት ፓስቲ ሻጭ መጥበሻ ሥር ቆመች፤ ሻጪቱም ፓስቲውን በዋጋ፣ ስድቡን በነፃ ሰጠቻት። ሰው አልሞተም፣ ዘይትም አልፈሰሰም። አርብ ግን የቦሎ ምርመራ አለባት፤ የማይቆም ሞተር ቦሎ አያገኝም፤ በማይቆም ሞተር ላይ የወጣች ልጅ ደግሞ ምን እንደምታገኝ ብዕሬ አይጽፈውም።

ከዚህ በኋላ ሞተሩን ረቡዕ ማታ ያየው የመካኒኮች አለቃ ሊካሳ፣ በስልክ ድምፅ ማጉያ፣ ለግቢው ሁሉ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦ «ስሙ! የፊት ፍሬኑን ዲስክ ዘይት ነክቶታል። ይሄን ሞተር በምንድን ነው የምታጥቡት? ማለቴ፣ እያንዳንዱ አካሉ የየራሱ ማጽጃ አለው እኮ! ዘይቱ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ፣ ዛሬ ብታጥቡት ነገ ይመለሳል። በቃ፣ መጀመሪያ ጥፋተኛውን ያዙ!»

ሠራዊቱም ተሰበሰበ። ከቀኝ የነጭ ነጠላ አርበኛ ወይዘሮ አይናለም በረኪናዋን ታጥቃ ወጣች። ከግራ ጅብሪል፣ ስታዲየም አካባቢ መኪና ሲያጥብ ያደገው ጎረምሳ፣ ማበጠሪያውን ፀጉሩ ላይ ሰክቶ፣ የሚያብረቀርቅ ቅባቱን ይዞ ወጣ። ከኋላ ጋሽ ተከስተ፣ በጡረታ የተገለሉት የመዝገብ ቤት ሹም፣ ነጭ ጋዝና ከዘመነ ኮሮና ያተረፉትን አልኮል ይዘው ወጡ። የጦር መሣሪያው ሁሉ በባዶ የውሃ ሃይላንድ የተሞላ ነበርና፣ ማን ምን እንደያዘ የሚያውቁት ባለቤቱና አፍንጫው ብቻ ነበሩ።

ቀዳሚዋ አይናለም ነበረች፤ ጠርሙሷንም ወደ ሰማይ አንሥታ አወጀች፦ «በረኪና ያልበገረውን ቆሻሻ ማንም አይበግረውም! አንዴ ላፍስበትና እዩ!» ፍሬሰላምም በቀዩ የነዳጅ ታንክ ላይ ተዘርግታ እየጋረደችው መለሰች፦ «እትዬ አይናለም፣ ሮዝ ሊያደርጉት ነው? በረኪና ቀለሙን ይበላል፣ ብረቱን ያዝጋል። የልብስ ዱቄት ሳሙናም እንዳይቀርበው! መጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ አሸዋው ይውረድ፤ ከዚያ የመኪና ሻምፖ፣ በለስላሳ ስፖንጅ።» አይናለምም በረኪናዋን እንደ ቆሰለ ልጅ ታቅፋ ወደ ነጠላዎቿ አፈገፈገች።

ጋሽ ተከስተም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ደብዳቤ እንደሚያጽፍ ሰው ቆመው፣ «የፊት መስታወቱ በአልኮል እንዲጸዳ ወስኛለሁ» ሲሉ አወጁ። የልጄ አዋጅም ወዲያው ደረሰ፦ «ጋሼ፣ መስታወት አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው! አልኮል ከነካው እንደ እርስዎ ግራ ዓይን ሞራ ይለብሳል። ውሃና ያረጀ ነጠላ ይበቃዋል።» ሹሙም ማሻሻያውን ተቀበሉ፤ ነጭ ጋዛቸውም በጡረታ ከወጣ የጥርስ ብሩሽ ጋር ወደ ሰንሰለቱ ተሾመ፤ የሁለት ክረምት ጭቃና ግራሶም ከእግሩ ሥር ወደቀ።

ያን ጊዜ ጅብሪል ተራው ደረሰ። «ማዘር፣ እዩኝማ፣ ይቺን ቅባት ወንበሩ ላይ ጣል ላርጋት፣ ጎማውንም ላዳርሰው፣ በቃ ፏ ነው የሚለው!» ሲል አወጀ። ፍሬሰላምም መለሰች፦ «ፏ ብሎ እኔን ከወንበሩ ሊያንሸራትተኝ? ጎማውን ቀብተህልኝ መታጠፊያ ላይ በግንባሬ ልደፋልህ? ወንበሩ እርጥብ ጨርቅ ነው የሚፈልገው፣ ጎማውም ውሃ!»

ቅባት የሚለው ቃል በግቢው ውስጥ እንደተነገረ፣ ዓይን ሁሉ ወደዚያች ጠርሙስ ዞረ። አይናለምም፣ የተባረረችበትን በረኪና አስታውሳ፣ «ተገኘ! ዲስኩን የቀባኸው አንተ ነህ!» ስትል አወጀች። ጅብሪልም ደረቱን መታ፦ «ወላሂ አልነካሁም! ስንት መኪና ያጠብኩ ሰው ነኝ እኮ! ዲስክ ዘይት እንደማይቀባ ሕፃን ያውቃል!» ጋሽ ተከስተ ግን በችሎት ተቀምጠው፣ ጅብሪል ዳግመኛ በአባ አድርስ አጠገብ እንዳይታይ ፈረዱበት። እርሱም ማበጠሪያውን ከፀጉሩ ነቅሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ሄደ።

በዚያች ሰዓት የዚህ ዜና ጸሐፊ ላብ አጠመቃት። ሕፃን የሚያውቀውን እኔ አላወቅሁም ነበርና። ማክሰኞ ዕለት፣ ከሞተሩ አካል ሁሉ ሰውን ከሞት የሚያድነው የቱ እንደሆነ ጅብሪልን ጠይቄው፣ እርሱም ያቺን የፊት ዲስክ በጣቱ አሳይቶኝ ነበር። እኔም ረቡዕ ጧት፣ ልጄ ፊቷን ስትታጠብ፣ ከቂርቆስ ያመጣሁትን ቅባ ቅዱስ ይዤ ወጥቼ፣ ዲስኩን ሦስት ጊዜ በመስቀል ምልክት፣ እንዳይጎድልባትም ብዬ ግራና ቀኙን፣ አዳርሼ ቀብቼው ነበር።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ግን መካኒኩ ነገም ይመለሳል ብሏል፤ የሚመልሰውም የእኔ እጅ ነው። ስለዚህ በርጩማ ላይ ወጥቼ አወጅሁ፦ «ጅብሪል ንጹሕ ነው! ዘይቱን የቀባሁት እኔ ነኝ። ቅባ ቅዱስ ነው። ልጄን ይጠብቅልኝ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ የኔ ልጅ፣ ተመለስ!»

ከዚያ ጅብሪል እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብሎ፣ «ማዘር! ሞተሩን ክርስትና አነሡት እንዴ? የክርስትና ስሙስ ማን ተባለ?» ሲል አወጀ፤ ሹሙ ሳቁ፣ አይናለም ሳቀች፣ ቧንቧውም ተንከተከተ። ያልሳቀች ፍሬሰላም ብቻ ነበረች። መጥታ እጄን ይዛ ከበርጩማው አወረደችኝ።

ከመስታወቱ የተባረረው አልኮልም ዙፋኑን በዲስኩ ላይ አገኘ፤ ንጹሕ ጨርቅ ተነክሮ፣ ጥቁር የሚለው ሁሉ ነጭ እስኪል ድረስ ተጠረገ፤ ጠራጊውም ጅብሪል ነበር። ዘይት የጠጣውን የፍሬን ሸራ ሊካሳ ከሰዓት ራሱ መጥቶ ነቅሎ ጣለ፣ አዲስም አሰረ።

የሙከራውም ሰዓት በደረሰ ጊዜ እኔ በግቢው በር ፊት ቆምሁ። «እማዬ፣ ከዚያ ተነሺ!» የሚለው አዋጅ ሦስት ጊዜ ተነገረ፤ የቀባው ሰው ፊቱ ይቁም ብዬ አልተነሣሁም። አባ አድርስም በዝግታ እያጓራ መጣ፤ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ድምፁም ጠፋ። ዓይኔን ብገልጥ፣ ጎማው ከጫማዬ ሁለት ክንድ ርቆ ቆሟል፤ በላዩ ያለችው ፈረሰኛ ግን ፍሬኑን ገና ጨብጣ እንደያዘች ነበር።

አርብ ቦሎው ተለጠፈ። እኔም በየጠርሙሱ ላይ በእጄ ጽፌ ለጠፍሁ፤ ለሰንሰለት፣ ለዲስክ፣ ለነጠላ። በቅባ ቅዱሱም ላይ «ለሰው ብቻ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየጧቱ ግንባሯን እቀባለሁ፤ እጄን በአልኮል እታጠባለሁ፤ በሩን የምከፍትላት ከዚያ በኋላ ነው።

ሠራዊቷ በየጠርሙሱ ለሚከተላት፣ በረኪናን ለመለሰች፣ እናቷን ለማረች ለፍሬሰላም ክብር ይሁን። ሲጠሩት ለሚሄደው፣ ሲይዙት ለሚቆመው ለአባ አድርስም ዕድሜ ይስጠው፤ ፒዛው ቢቀዘቅዝም ግድ የለም።