ለዶሜይን የተላኩ ሽማግሌዎች

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የተማርኩትን ልንገራችሁ፦ እጮኛ ቢቀር ይቅር፤ ኸይር ነው። የይለፍ ቃል ይዞ ግን አይቅር!

ደሴ ፒያሳ የሙሽራ ቀሚስ እጠልፋለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ዓረብ አገር ናቸው፤ የሚያዙኝ በድረ ገጼ ነው። እሱን የሠራልኝ የልጄ የሀያት እጮኛ፣ የኮምቦልቻው ጀማል ነበር። ዶሜይን የሚሉትን፣ የድረ ገጹን ስም፣ በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው። ነገ ልጄ ለሚሆን ሰው ምን ጥያቄ አለው ብዬ ዝም አልኩ። ትስቃላችሁ አይደል? የእናንተ በማን ስም ነው?

ልጆቹ ሳይስማሙ ቀሩ። ሽማግሌዎች ሻሹን መለሱ፣ ጫማውን መለሱ፣ ሽቶውን እንኳ በተጋመሰ ጠርሙሱ መለሱ... ዶሜይኑን ያነሳ የለም!

ነሐሴ ላይ ድረ ገጼን ብከፍት የመኪና ጎማ ማስታወቂያ! ለካ ምዝገባው አልቆ፣ ማስጠንቀቂያው ሁሉ ለጀማል ሲላክ ከርሟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ... ለመዝጋቢው ድርጅት ጻፍኩ።

«ስሙ የተመዘገበው በሌላ ሰው ነው። እሱ በአምስት ቀን ውስጥ ካላደሰው ማንም ሊወስደው ይችላል» አሉኝ።

አምስት ቀን! ሙሽሮቼ የት ብለው ያግኙኝ? ለጀማል ብደውል፣ አፍሮ መሰለኝ፣ አያነሳም። ቢጨንቀኝ እነዚያኑ ሽማግሌዎች፣ ሼኽ ሰይድንና ሐጂ ይማምን፣ ወደ ኮምቦልቻ ላክኋቸው። የሆነውን የነገሩኝ እነሱ ናቸው።

የጀማል እናት ዘምዘም በር ላይ ስታያቸው ልጆቹ የታረቁ መስሏት እልል ብላ ዶሮ አሳረደች። በእኛ አገር ደግሞ ሽማግሌ የመጣበት ሳይሞላለት እህል አይቀምስም። ወጡ ቀረበ፤ ሼኽ ሰይድ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልጃችሁን ለልጃችን ብለን አይደለም የመጣነው፤ ዶሜይኑን ብለን ነው።»

«እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለች ዘምዘም።

ጀማል አቀረቀረ። «የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ጠፍቶብኛል፣ ሼኽዬ።»

«እንግዲያው ፈልገው። እንጠብቃለን።»

ሐጂ ይማም ዶሮውን አዩና ምራቃቸውን ዋጡ።

«ጀማል! ስጣቸው እንጂ! ወጡ ረጋ እኮ!» ዘምዘም ጮኸች።

ለካስ አልጠፋበትም። የይለፍ ቃሉ የሀያት ስም ነበር... ሽማግሌ ፊት ለመጻፍ አፍሮ ነው! በመጨረሻ ጻፈው። ምዝገባውን አደሰ፣ ሀያት በስሜ ወደከፈተችልኝ አካውንት አዛወረው።

«ያ አላህ፣ ይህን ዶሜይን ከእጇ አታውጣው» ብለው ሼኹ ዱዓ አደረጉ። ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። ከዚያ በኋላ ዶሮው የደረሰበትን አልነግራችሁም!

በማግስቱ ሱብሂ ሰገድኩ። አልሀምዱሊላህ ብዬ ስልኬን አነሳሁና የአዲሱን አካውንት የይለፍ ቃል በራሴ እጅ ቀየርኩት። ባለቤቴ አንገቱን አስግጎ ቢያይ፣ በነጠላዬ ከለልኩት።

«ለእኔም አትነግሪኝም?»

«ሽማግሌ ላክ!» አልኩት።