ዳኛው ቆመው የፈረዱ ዕለት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማችሁ ያደጋችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ተረት ብቻ አይደለም፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። እኔም ከወለጋ ተመድቤ ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ አስተማሪ ስሆን ይዤው ነው የሄድኩት። ክልሉ ገና አዲስ ነው። ሕገ መንግሥቱም አዲስ ነው። ያልታደሰ ነገር ቢኖር፣ የወረዳው አስተዳዳሪ ባለፉ ቁጥር ከያለንበት ብድግ ማለታችን ነበር።

ፍርድ ቤቱ ቤት ስላልነበረው ችሎቱ የሚውለው ማንጎ ሥር ነው። ወንበሩም አንድ፤ እሱንም ከአስተዳደሩ በውሰት ነው ያገኘው። እስቲ አስቡት፣ ባዋሰህ ሰው ላይ እንዴት ትፈርዳለህ? ሐዋ የምትባል የበርታ ሴት አቤት ያለችው እዚህ ችሎት ነው። ባሏ የማሽላ ማሳዬን አልለቅም ስላለ አስተዳዳሪው አሳስረውት፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ሰንብቷል። ዳኛው ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ የሺናሻ ልጅ ነው። እስረኛው ይቅረብ፣ አስተዳዳሪውም መጥተው ያስረዱ ብሎ አዘዘ። እኛም፣ ልጁ አበቃለት አልን።

እስረኛው እጁ እንደታሰረ በፖሊስ ታጅቦ ቀረበ፤ አስተዳዳሪውም መጡ። እንደ ልማዳችን ብድግ አልን፤ ዳኛው ንቅንቅ አላለም። አስተዳዳሪው ፈገግ ብለው ወንበራቸውን እንደሚፈልጉት ተናገሩ። ዳኛው ተነሣ፣ አቧራውን በእጁ ጠረገና ሰጣቸው፤ እሳቸው ተቀመጡ፣ እሱ ቆሞ ችሎቱን ቀጠለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዳኛው አንቱ ሆኑብኝ።

«የታሰረ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል ሕገ መንግሥቱ፤ ከእርስዎም ከእኔም በላይ ነው። ይፈታ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ እንኳን ሳያደርጉ።

ፖሊሱ አስተዳዳሪውን አየ። እኛም አየናቸው። ምነው ባልመጣሁ አሰኝቶኝ ነበር። አስተዳዳሪው አንገታቸውን ደፉ፤ ፖሊሱም የእስረኛውን እጅ ፈታ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንባዬ መጣ።

ሐዋ ግን፣ ያሰረ ነው የሚፈታ ብላ ይሆናል፣ በቀጥታ አስተዳዳሪው እግር ሥር ወደቀች።

«አላህ ይስጥህ፣ ባሌን ፈታህልኝ» አለቻቸው።

ዝም ብለው ምስጋናውን ቢወስዱ ማን ይናገራቸዋል? ክንዷን ይዘው አነሷት።

«እኔ አይደለሁም፤ እኔ የተረታሁት ነኝ» አሏት። «የፈቱልሽ እሳቸው ናቸው።»

እንዲህ ያለ ሹም ከዚያ በፊት አላየሁም። ከዚያ ወዲህስ? እሱን ተዉት።