ክብሪቱን ያስጣሉን ፕሮፌሰር

በየሰፈሩ ሥራውን ቢሮ ጥሎ መምጣት የማይሆንለት አንድ ሐኪም አይጠፋም። የየካ ሚካኤሏ ክብርት ፕሮፌሰር ሲፈን ቶሌሳ ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። የነርቭ ሐኪም፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ ማይክሮፎን አንዴ ከጨበጡ ደግሞ የማይለቁ።

አጥር የምትጋራቸው አሳየች ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። አንድ ሠርግ ላይ መርቁ ተብለው ተነሡና፣ «ሙሽሮቹን እግዜር ይባርክ። ለመሆኑ ሰው ሲወድቅ ክብሪት የምታሸቱ ስንቶቻችሁ ናችሁ?» አሉ። ሚዜዎቹ ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። በቃ፣ ኬኩ እስኪቆረስ «ክብሪት አይጫርም፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አይገባም፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ» እያሉ ሠርገኛውን አስጠኑት። በእድርም ይህንኑ፣ በልደትም ይህንኑ፣ ታክሲ ውስጥም ይህንኑ። የሰፈሩ ልጆች እንኳ ድምፃቸውን እያስመሰሉ ይጫወቱበታል።

ነገሩ የጀመራቸው ወጣት ተመራማሪ ሳሉ ነው። የሚጥል በሽታን ሊያጠኑ እንጦጦ ወጡ፤ ጸበል ፍለጋ ከሩቅ አገር የመጡ ሕመምተኞች ክኒናቸውን ሲተዉ አዩ። ባልደረቦቻቸው ከካህናቱ ጋር ይጣላሉ ብለው ሲጠብቁ፣ ፕሮቴስታንቷ ሐኪም እዚያው ተራራ ላይ ቤት ተከራይተው ከጸበሉ አጥማቂ ከአባ ወልደገብርኤል ጋር ወዳጅ ሆኑ።

«ልጄ፣ ጸበሉን ለኔ፣ ክኒኑን ላንቺ እንተወው» አሏቸው አባ አንድ ቀን፣ ክርክሩ ሲያደክማቸው።

«አይ አባ፣ ሁለቱንም ለሕመምተኛው እንተውለት።»

ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ አባ ራሳቸው «መድኃኒቱንም የሰጠን እሱ ነው፤ ክኒኑን ያቋረጠ እኔ ዘንድ እንዳይመጣ» ብለው ማስተማር ጀመሩ። ሲፈንን ለፕሮፌሰርነት ያበቃቸው ያ ጥናት ነው።

አሳየች ግን ማይክሮፎኑን ባየች ቁጥር ለመውጣት ነጠላዋን ትሰበስባለች። ልጇን ወንጌልን ከልጅነቷ ጀምሮ ይጥላታል፤ ይህን ከቤት ውጭ ማንም አያውቅም። ማን ያገባታል፣ ማን ይቀጥራታል እያለች ደብቃ ኖራለች። ሴትዮዋ ስለ በሽታው አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር የልጇን ስም የሚጠሩ ይመስላታል። «ሌላ ወሬ የላቸውም እንዴ እኚህ ሴትዮ?» ትላለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ማለዳ እናትና ልጅ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳለ ወንጌል ወደቀች። አሳየች በነጠላዋ ልትሸፍናት ተንበረከከች። ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ቀን መጣ።

«ክብሪት! ክብሪት ያለው!» አለ አንድ ሰው።

«ኧረ ክብሪት አይጫርም!» አለ ሰልፉ፣ ካንድ አፍ እንደወጣ።

ወያላው ሰዉን ገፍቶ ቦታ አስለቀቀ። አንድ ሽማግሌ ኮታቸውን አጥፈው ከራሷ ሥር አደረጉ። ካልሲ የምትሸጥ ልጅ ዕቃዋን ጥላ በጎኗ አስተኛቻት፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያዘ። የሸሸ የለም። ፊቱን ያዞረም የለም።

«አይዞዎት እናቴ፣ አሁን ይለቃታል» አላት ወያላው። «የካ አንዲት ዶክተር አሉ፤ በዚህ ነገር አድርቀውናል።»

ወንጌል ነቅታ እቤት ገብታ እንደተኛች፣ አሳየች የጎረቤቷን በር አንኳኳች።

«ዶክተር፣ ወንጌል...» ብላ ጀመረች።

«አውቃለሁ» አሉ ፕሮፌሰሯ፣ ከሳቸው ሰምታ በማታውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ። «አጥር ነው የሚለየን፤ ስትወድቅ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«በርሽን ባንኳኳ ልጅቷን ይዘሽ ሰፈር ትለቂ ነበር። ደግሞስ ስንት ሠርግ ላይ ልንገርሽ?»

አሳየች ማልቀስ ጀምራ ሳቀች።

ወንጌል መድኃኒት ጀመረች። መውደቁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቆመ። ሥራ ያዘች። ዘንድሮ ደግሞ ሽማግሌዎች መጡ። አሳየች ወግ ሳይጀመር ቀደመቻቸው።

«ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ትወስዳለች። ካልተስማማችሁ አሁኑኑ ንገሩኝ።»

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ከበበ ፈገግ አሉ። «ልጃችን ግሩም አስቀድሞ ነግሮናል፣ እመቤቴ። እኛ የመጣነው ልጅ ልንጠይቅ ነው እንጂ በሽተኛ ልንጠይቅ አይደለም።»

አሳየች እንግዶቿን እንዳስቀመጠች ወደ ጓሮ ሮጠች። «ዶክተር! ልጄን ሰጠሁ!» አለች በአጥሩ ላይ።

ለየትኛውም ጉባኤ ንግግር ቸግሯቸው የማያውቁት ክብርት ፕሮፌሰር፣ ልብስ እያሰጡ ነበርና እርጥብ አንሶላ እንዳቀፉ አንድ ቃል አጡ። ከዚያ እልል አሉ። ጎረቤቱ ምን ተገኘ ብሎ ከየበሩ እስኪወጣ አላቆሙም፤ አሳየችም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ባያቆሙ ብላ ተመኘች።